ትንፋሽ ያጠራት ከተማ

እኔ በተወለድኩበት አገር ዛፍ አይበቅልም። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ብጠራው በካርታ ላይ የሚያገኘው የለም፣ ያገኘው ቢኖርም ይከፋው እንደሆነ እንጂ አይጠቅመውም። ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እንጨት ስለሌለ እሳትን የምናውቀው በተረት ነበር። ነገር ግን ከከተማችን ግርጌ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበረ፤ ከውስጡ ከጥንት ጀምሮ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል። ጉድጓዱን «እናት ጉድጓድ»፣ እንፋሎቱን ደግሞ «ትንፋሽ» እንለው ነበር።

ትንፋሹ በመዳብ ቧንቧ እየተሳበ በየቤቱ ይገባል። በየቤቱ አንድ የመዳብ ጋን አለ፤ ትንፋሹ ጋኑን ያሞቀዋል፣ ጋኑ ደግሞ ቤቱን። ምግባችንን የሚያበስልልን፣ ልብሳችንን የሚያደርቅልን፣ ከመሬት ውስጥ ውሃ የሚስብልን እሱ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ታች ሰፈርን ያዳርስና ከዚያ ሽቅብ ወደ ላይ ሰፈር ይወጣል። ስለዚህ እኛ የላይ ሰፈር ሰዎች የምናገኘው ከታች የተረፈውን ነበር። በዚህ ማንም አይማረርም። ቧንቧ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት።

ስሜ ዘርጋው ነው፤ ሥራዬም ለፋፊ ነበር። አደባባዩ መሐል ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜ የሹማምንቱን ቃል ለሕዝቡ አሰማለሁ። ለፋፊ የራሱ ቃል የለውም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ሰዎች ድምፄን ሲሰሙ ማን እንዳዘዘ ሳይጠይቁ የታዘዙትን ያደርጋሉ። እኔም ከድንጋዩ ከወረድኩ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም ነበር።

ሚስቴ ትብለጥ መዳብ ቀጥቃጭ ናት። እናቷ እማማ ይርገዱ ከላይ ሰፈርም በላይ፣ ቧንቧው አልቆ በሚቆምበት የመጨረሻው ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ውርጭ የከፋበት ወቅት ትብለጥና እኔ ልንጠይቃቸው ወጣን። ጋናቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። እሳቸው ግን ከጋኑ ጋር ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ከቀዘቀዘ ጋን ጋር ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻቸው ትብለጥ።

«ልማድ ነው» አሉ እማማ ይርገዱ። «ደግሞም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሲመጣ ራቅ ብዬ ብቀመጥ ያመልጠኛል።»

ትብለጥ የእናቷን ጋቢ አጥብቃ አለበሰቻቸው። ከቁልቁለቱ ስንወርድ ግን ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትራመደው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ቤቷ አትወጣም፤ ምግብ ሳቀርብላት ቆማ ትበላለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ሠራች። ጋን ውስጥ ሌላ ጋን ከተተችና በሁለቱ መካከል የበግ ጠጉር ጠቀጠቀችበት። ትንፋሽ አንዴ ከገባበት ሙቀቱ አይወጣም። በግማሽ ትንፋሽ ሙሉ ቀን ይሞቃል። «ድርብ ጋን» አልነው።

«ገባህ?» አለችኝ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ፤ እጇ ትኩስ ነበር። «ታች ያሉት በግማሽ ከበቃቸው፣ ግማሹ የግድ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላ መሄጃ የለውም።»

እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

በከተማችን ትንፋሽን የሚጠብቅ አንድ ሹም ነበር፤ ሊቀ ቁጠባ ይባላሉ። እጅግ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ «እንደምን» ይሉና «አደራችሁ»ን ለሌላ ቀን ያስቀምጡታል። ድርብ ጋኑን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንባው እንዳይፈስ ግን ቀና ብለው ያዙት። በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ለፈፍኩ፦ የድሮ ጋን ያለው ሁሉ ያስረክብ፣ በምትኩ ድርብ ጋን ይውሰድ።

ያ ወቅት መልካም ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። መዳብ ቀጥቃጮች ሁሉ ከትብለጥ እየተማሩ ሠሩ። ትንፋሹ ሽቅብ ወጣ። የላይ ሰፈር ሕፃናት በሙቅ ውሃ ታጠቡ። እማማ ይርገዱ ቤት ጋኑ ማፏጨት ጀመረ፤ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋኑ ርቀው ተቀመጡ። «አሁንማ ጠርቶኝ ይመጣል» አሉ።

ታች ሰፈር አቶ ደንበሩ የሚባል ጨርቅ አቅላሚ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ማቅለሚያ ጋን ነበረው፤ በድርብ ጋን ሲለውጠው ትንፋሽ ተረፈው። የተረፈውን ትንፋሽ አየር ላይ ከሚበትነው ሌላ ጋን ተከለበት። ሁለተኛው ጋን ሲያተርፍ ሦስተኛውን። ጨርቅ ረከሰ፤ የረከሰውን ጨርቅ ሕዝቡ እየተሻማ ገዛ። አቶ ደንበሩ ሠራተኛ ቀጠረ፤ የላይ ሰፈር ጎረምሶች ወርደው እሱ ጋ ገቡ። ደመወዝ ያገኘ ሁሉ ለቤቱ ሁለተኛ ጋን አሰበ፤ አንዱ ለመብል፣ አንዱ ለእግር ማሞቂያ። የአቶ ደንበሩን ያዩ ሌሎች ነጋዴዎች በርበሬ ማድረቂያ ቤት፣ ዶሮ ማሞቂያ ቤት፣ ከዚያም የሚያማምሩ ኮፍያዎችን በእንፋሎት ቅርጽ የሚያስይዝ ቤት ከፈቱ። ኮፍያ የሚያደርግ ሰው በከተማችን አልነበረም። ኮፍያው ከመጣ በኋላ ግን ያለ ኮፍያ የሚወጣ ሰው ያፍር ጀመር።

ይህ ሁሉ ነገር ሹም ስላልነበረው አዲስ ሹመት ተፈጠረ፤ ሊቀ ጭማሪ። ቢሯቸው ከሊቀ ቁጠባ ቢሮ ጎን ሆነ፤ አንድ ግድግዳ ይለያቸዋል። ሊቀ ጭማሪ የሚናገሩት ሁሉ በ«ደግሞ» ይጀምራል። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የታች ሰፈርን ጎዳና በሥሩ ቧንቧ ዘርግቶ ማሞቅ ነበር፤ ባለ ኮፍያዎቹ እግራቸውን እንዳይበርዳቸው። ሊቀ ቁጠባ ደግሞ በበኩላቸው የቁጠባ ሐውልት አሠሩ። ሐውልቱ ግዙፍ ድርብ ጋን ነው፤ ምን ያህል እንደቆጠብን ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ ቀንና ሌሊት በአናቱ ትንፋሽ ይተፋል። ከሁሉ በላይ ለቆጠበ ቤተሰብም ሽልማት ተመደበ። ሽልማቱ አንድ ተጨማሪ ጋን ነበር።

ላይ ሰፈር ቧንቧው መጀመሪያ ለብ አለ። ከዚያ ቀዘቀዘ። ከዚያ የውሃ መሳቢያችን አንድ ጠዋት አቃስቶ ቆመ።

ትብለጥ ወደ ሊቀ ቁጠባ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ጌታዬ፣ ላይ ሰፈር ትንፋሽ የለም» አለች።

«እንዴት ይሆናል፣ ወይዘሮ ትብለጥ?» አሉ። «እያንዳንዱ ጋን በፊት ከሚጠጣው ግማሹን ነው የሚጠጣው። እኔ ራሴ አስለክቻለሁ። በከተማችን ታሪክ እንደዚህ ቆጥበን አናውቅም።»

«ጋኑስ ስንት ሆነ?»

ሊቀ ቁጠባ ግራ ተጋብተው አዩዋት። «የጋን ብዛት የኔ ሥራ አይደለም። ጎረቤቴን ጠይቂ።»

ወደ ጎረቤት ቢሮ ገባን። ሊቀ ጭማሪ በደስታ ተቀበሉን። «ደግሞ መጣችሁልን» አሉ። ትብለጥ ያንኑ ነገረቻቸው። እሳቸውም ጋኑ ምን ያህል እንደበዛ፣ ከዚህም በላይ እንዴት እንደሚበዛ በኩራት አስረዷት።

«ሁሉም ባንድ ላይ ምን ያህል ይጠጣሉ?» አለች።

«መጠጣት?» አሉ። «የሚጠጣውን የሚያውቁት ሊቀ ቁጠባ ናቸው። እኔ ብዛት ነው።»

ትብለጥ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ባለው ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያኔ ነበር ሁለቱም ሹሞች ባንድ ጊዜ ከየበራቸው ብቅ ብለው መፍትሔ ያገኙት። በሕይወታቸው ተስማምተው አያውቁም ነበር።

«አንቺው ነሽ መፍትሔው» አሉ ሊቀ ቁጠባ። «ድርቡን ሠርተሻል። አሁን አራት ድርብ ሥሪልን። ሩቡ ይበቃዋል።»

«ደግሞ አራት ድርብ ሲሆን አራት እጥፍ መትከል እንችላለን» አሉ ሊቀ ጭማሪ።

ትብለጥ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «አልሠራም» አለች።

አንድ ሰው «አልችልም» ሲል ሰምተን እናውቃለን፤ «አልሠራም» ግን ለጆሯችን አዲስ ነበር። ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ እስኪታወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። በኋላ «ብልሃት መደበቅ» ተባለ። ወታደር መጥቶ በትህትና ክንዷን ያዘ። ከአደባባዩ በስተጀርባ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ መዳብ፣ መዶሻና የበግ ጠጉር አስገቡላትና በሩን ዘጉባት።

«ታስራለች ማለት ነው?» አልኳቸው ሊቀ ጭማሪን።

«ኧረ የለም» አሉኝ። «እንድታስብ ተፈቅዶላታል።»

ውርጩ መጣ። ከእናት ጉድጓድ አዲስ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ትንፋሹ ይቋረጥና ከሆዱ እንደሚያስል ሰው ያስላል። አንዳንድ ጊዜ ጭቃ ይተፋል። ሹማምንቱ ይህን «ጉሮሮ ማጥራት» ብለው ሰየሙት፤ እኔም ድንጋዩ ላይ ወጥቼ እንደተሰየመው ለፈፍኩ።

እማማ ይርገዱን ወደ ታች ላወርዳቸው ብለምናቸው እምቢ አሉ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አገኘሁ። በአቶ ደንበሩ ማቅለሚያ ቤት በር ላይ ቧንቧው ከግድግዳ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ድንጋይ አስደግፌ አግለዋለሁ፤ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ በጋቢዬ ሥር ሆዴ ላይ አስሬ ሽቅብ እወጣለሁ። እማማ ይርገዱ ድንጋዩን አቅፈው ይተኛሉ። እኔን አይተው ሌሎችም እንደዚሁ ማድረግ ጀመሩ። ሊቀ ጭማሪ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ሙቀትን በቧንቧ ካልሆነ በቀር ከታች ሰፈር ማውጣት ስርቆት መሆኑን አወጁ፤ ያወጅኩትም እኔ ነኝ። በዳገቱ ሥር ጠባቂ ቆመ።

ያወጅኩ ቀን ድንጋዬን ታቅፌ ዳገቱ ሥር ደረስኩ። ጠባቂው ቢያድግልኝ የሚባል የላይ ሰፈር ሰው ነበር፤ ጎኑ ሁለት የታች ሰፈር ወታደሮች ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ።

«ዘርጋው» አለኝ ቢያድግልኝ፣ መንገዱን በመዳብ ዱላው ዘግቶ። «ዛሬ ድምፅህ ጥሩ ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ድንጋዩ ጨርቁን አልፎ ቆዳዬን ይልሰኝ ጀመር።

«ሙቀት ይዞ የሚወጣ ሰው እንዲፈተሽ ነው ያልከው፣ አይደል?»

«እንደዚያ ነው የተባለው።»

«ማነው ያለው?»

«አላውቅም። ቃሉ ሲደርሰኝ እንዲሁ ነው የሚደርሰኝ።»

አንደኛው ወታደር ከገበጣው ቀና ብሎ አየን። ሆዴ ተቃጠለ፤ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ከውርጩ ጋር ሲጋጭ ጋቢዬ ይተን ጀመር። እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። ቢያድግልኝም አየው። ወደ እኔ ተጠጋ፤ ለወታደሮቹ ጀርባውን ሰጠና ሁለት እጆቹን ጋቢዬ ውስጥ ከተተ። እጆቹ እንደ ብረት ቀዝቅዘዋል። ድንጋዩን ጨበጠው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ፊቱ ሲለሰልስ ይታየኛል።

«አግኝተሃል?» አለው ወታደሩ።

ቢያድግልኝ ዓይኑን ገለጠ። እጆቹን በቀስታ አወጣ። «ምንም የለውም» አለ። «ሰውነቱ ብቻ ነው። እለፍ፣ ዘርጋው።»

ማለፉን አለፍኩ። ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ።

የቁጠባ በዓል ዋዜማ ጠዋት አስጠሩኝ። በዓሉ ድርብ ጋን የታወጀበት ቀን መታሰቢያ ነው። በዓሉ እንዴት እንደሚከበር ሁለቱ ሹሞች እንደገና ተስማምተው ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ በየቤቱ፣ በየፋብሪካው ያለውን መዝጊያ እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ከተማዋ በእንፋሎት ትሸፈናለች፤ የቆጠብነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ይህን እንድለፍፍ ተነገረኝ።

ወደ ድንጋዩ ስሄድ በትብለጥ መስኮት በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ጣቶቿን ብቻ ታወጣለች። ያዝኳቸው።

«ጉድጓዱን ትሰማዋለህ?» አለችኝ።

«ጉሮሮውን እያጠራ ነው ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

የነገውን በዓል ነገርኳት። ጣቶቿ እጄ ውስጥ ደረቁ።

«ባዶ ጋን ስመታ የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች። «ከሥር የሚሰማው ድምፅ እንደዚያ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከከፈቱት…» አልጨረሰችውም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ከምድር በታች ምን እንዳለ ማን አይቶ ያውቃል? ግን ፈርቻለሁ፣ ዘርጋው። በሕይወቴ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።»

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ኮፍያ በኮፍያ ነበር አደባባዩ። ሊቀ ጭማሪ በቢሯቸው መስኮት ቆመው ያዩኛል። ድንጋዩ ከሥሬ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ፤ ምናልባትም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጆሮ ያለህ ወዲህ በል» አልኩ። «ነገ የቁጠባ በዓል ነው። ስለዚህ ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ፣ ታች ሰፈር ያለ ጋን ሁሉ ይዘጋ። የቤቱም፣ የማቅለሚያውም፣ የኮፍያውም፣ የጎዳናውም። ዝጉ ተብላችኋል።»

ማንም አልጠየቀም። ሰዎቹ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄደው ዘጉ። ከሹሞቹ ቢሮም ሳይቀር ጸሐፊው ወጥቶ መዝጊያውን ጠመዘዘ፤ ድምፄን ሰምቷላ። ፉጨቱ አንድ በአንድ ጠፋ። ሐውልቱም መትፋቱን አቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ጸጥታ በከተማው ላይ ወረደ፤ አንድ ሰው ታች ሰፈር ሲያስነጥስ እስከ ዳር ተሰማ። እናት ጉድጓድም ማሳሉን ተወ።

ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። ቧንቧው ከጎኔ እየተንጣጣ ይሞቃል። የውሃ መሳቢያው ተነሥቶ ሴቶች እንስራ ይዘው ይሯሯጣሉ። እማማ ይርገዱ በር ላይ ቆመዋል።

«መጣ» አሉኝ። «ማን ላከው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። ያንን ቃል ሳወጣ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወታደሮች መጡ። ሊቀ ጭማሪ ፊት ስቀርብ የምታሰር፣ ምናልባትም ከዚያ የባሰ የሚደርስብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ ብለው አቀፉኝ።

«ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ማን አሰበ?» አሉ። «እናት ጉድጓድ አፍ ላይ ያለው መለኪያ ከጫፍ ደርሷል። እኔ ከተሾምኩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ይህን ሁሉ ትንፋሽ ከየት አመጣኸው?»

«አላመጣሁትም፣ ጌታዬ። ሰዉ ስለዘጋ ነው።»

«አዎ፤ ትርፍ ነዋ።»

«ትርፍ አይደለም። ነገ ሲከፍቱት ያልቃል። እባክዎ፣ እንደተዘጋ ግማሹ እንኳ ይቆይ።»

«ትርፍ ይዞ መቆየት ነውር ነው» አሉኝ በአባትነት። በዚያው ምሽት ለአቶ ደንበሩና ለሌሎች ነጋዴዎች አዲስ ፋብሪካ ፈቀዱ፤ ከጉድጓዱ በሁለት ጎን ወፋፍራም ቧንቧ ተቀጠለ። እኔንም በዓሉን በትክክል እንድለፍፍ አዘዙኝ።

«አልለፍፍም» አልኩ።

ሊቀ ጭማሪ አልተቆጡም። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አደባባዩን አሳዩኝ። በኔ ድንጋይ ላይ የመዳብ መለከት እየተከሉ ነበር፤ አፉ በር የሚያክል። «በትንፋሽ ነው የሚጮኸው» አሉኝ። «አይደክመውም፣ አይሳሳትም። አሁን ቤትህ ሂድና እረፍ።»

በማግስቱ መለከቱ ጮኸ። ሰው ሁሉ ከፈተ።

እኔ ከትብለጥ መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። ከተማው በነጭ ጉም ተዋጠ፤ ሰዎች በጉሙ ውስጥ እየተጋጩ ይስቃሉ፤ ሐውልቱ ያገሣል፤ ሙዚቃ አለ። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ተሰማኝ። ሰው ከመጮኹ በፊት ትንፋሹን ወደ ውስጥ እንደሚስበው ያለ ነገር ነበር። መለከቱ ቀጠነ፤ ተሰነጠቀ፤ ቆመ። ከእናት ጉድጓድ በኩል አንድ ከባድ ድምፅ መጣ፣ ብዙ አፈር ባንድ ጊዜ ወደ ጥልቅ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ። በየቧንቧው ቀዝቃዛ ጭቃ ተንጠባጠበ። ጉሙ በረዶ ሆኖ በየሰዉ ኮፍያ ላይ ተቀመጠ።

ማንም አልጮኸም። ሁሉም የየራሱን መዝጊያ አንዴ ሲዘጋ፣ አንዴ ሲከፍት ይሰማል። የትብለጥ ጠባቂ ዱላውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። በሩን ሰብሬ አወጣኋት። መዶሻውን አልነካችውም ነበር፤ የበግ ጠጉሩን ግን ፈትላው ለእናቷ ሹራብ ሠርታበታለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሊቀ ቁጠባ በየቤቱ እየዞሩ፣ በእግራቸው፣ ዜና ያደርሱ ነበር። የከተማው የትንፋሽ ፍጆታ ወደ ምንም ወርዷል፤ ከዚህ በላይ ቁጠባ የለም። ሊቀ ጭማሪ ሜዳሊያ አጥልቀውላቸዋል። ወደ እኛም በር መጥተው «እንኳን» አሉንና «ደስ አላችሁ»ን አስቀርተው ሄዱ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነበር። የሚያደርጉት አጥተው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ አሳዘኑኝም።

እማማ ይርገዱ ከተማውን ለቅቀው አብረውን እንዲሄዱ የምንለምናቸው ቃል እያሰብን ዳገቱን ስንወጣ፣ እሳቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«እኔ የምጠብቀው ይመጣል ብዬ ነበር» አሉ። «ከእንግዲህ እንደማይመጣ ከታወቀ ምን ልቀመጥ?»

አዲሱን ሹራብ አልብሰናቸው፣ ቢያድግልኝ ባዋሰን በቅሎ አስቀምጠናቸው ከተራራው ማዶ ተሻገርን። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ይሄድ ነበር። በመንገድ ላይ የቀሩም አሉ፤ ስለ እነሱ ማውራት አልችልም።

ከተራራው ማዶ ያለው አገር ጫካ ነው። ዛፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ የት እንደሚያልቅ ለማየት ኮፍያዬ እስኪወድቅ አንጋጠጥኩ። ጫካው ዳር አንጓች የምትባል ሴት የመንገደኛ ማረፊያ አላት። አስገባችን። በሦስት ድንጋይ ላይ ትልቅ ድስት ጥዳ ባቄላ ትቀቅላለች፤ ከሥሩ ሙሉ ግንድ ይነድዳል። እሳት ያየሁት ያኔ ነው። እማማ ይርገዱ እጃቸውን ወደ ነበልባሉ ዘረጉ።

አንጓች ዓይኗ ቀልቷል። ጭሱ ያስለቅሳታል፤ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ግንድ ትጨምራለች፤ ታስላለች፤ እንደገና ትጨምራለች። ትብለጥ እሳቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ነበልባሉ ድስቱን ትቶ በጎኑ ሽቅብ ያመልጣል፤ አብዛኛው እሳት የሚያሞቀው ሰማዩን ነው። ሳታስበው ይመስለኛል፣ ከደጅ ጭቃ ዘግና መጥታ በመዳፏ ታሸው ጀመር። ጭቃው በጣቶቿ መካከል ክብ እየሆነ፣ አንድ በኩል አፍ እያወጣ ሲሄድ አየሁት።

«እህቴ» አለቻት አንጓችን። «በግማሽ እንጨት ይህን ድስት የሚያፈላ፣ ጭሱንም በቀዳዳ የሚያወጣ ምድጃ ብሠራልሽ፣ የሚተርፍሽን እንጨት ምን ታደርጊዋለሽ?»

አንጓች አሰበች። «መጀመሪያ ዓይኔ ያርፍልኛል» አለች። «ከዚያ… መንገደኛው በዝቷል፤ ሁለተኛ ድስት እጥዳለሁ። ጠላም መጥመቅ እችላለሁ። እህቴም መጥታ ከጎኔ ማረፊያ ትከፍታለች።»

«የጫካው ዳርቻ የት ነው?»

አንጓች በእንባዋ መካከል ሳቀች። «የጫካው? ጫካ ደግሞ ዳርቻ አለው እንዴ?»

ትብለጥ እጇ ቆመ። እማማ ይርገዱ ከእሳቱ ሳይዞሩ «ሥሪላት፣ ልጄ» አሉ። «ሰው እንዲህ እያለቀሰ አይበላም።»

ትብለጥ እናቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ነገ ጠዋት ተነሥተን ዳርቻውን እንፈልግ» አለቻት አንጓችን። «አንቺና እኔ፤ ጎረቤቶችሽም ይምጡ። ካገኘነው፣ ከየት ወዲያ እንደማይቆረጥ እዚያው ቆመን እንማማላለን። ከዚያ እሠራልሻለሁ።»

«ካላገኘነውስ?» አለች አንጓች።

ጭቃው በትብለጥ እጅ ላይ መድረቅ ጀምሯል፤ አንጓች ዓይኗን ጠርጋ ሌላ ግንድ ጨመረች።